እኔም ፈርሜያለሁ

ወገኖች፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ካምፕ አይደለም፤ ስለ ካርድ እድሳትም አይደለም። ስለ ራሴ ነው። ረዘም ይላል፣ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ሰባተኛው ፈራሚ ነኝ። ወረቀቱ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ እኛ የግቢው ተከራዮች፣ በጓሮ ባለችው ክፍል የሚኖሩት እናትና ልጆቿ ለጸጥታችን ስጋት ስለሆኑብን፣ አከራያችን ሌላ ቤት እንዲፈልጉ ይንገሩልን። ማንም አላስገደደኝም። እስክሪብቶውን ሰጡኝ፣ ከእኔ በላይ ያሉትን ስድስት ስሞች አየሁ፣ ፈረምኩ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ለሰኞ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት አዘጋጀሁ። የማስተምረው ሥነ ዜጋ ነው። የሳምንቱ ርዕስ እኩልነት ነበር። መሳቅ ይቻላል።

የምንኖረው ካርቱም ሁለት ነው። ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ከመንገድ ሲታይ የሀብታም ሰፈር ነው፤ ሰፋፊ የድሮ ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ ቢሮዎች። ሐበሻው ያለው ከኋላ ነው፤ በዘበኛ ክፍል፣ በጓሮ በተቀጠሉ ክፍሎች፣ ባላለቁ ፎቆች ሥር። የእኛ ሆሽ ዘጠኝ ክፍል፣ ሁለት ሽንት ቤትና አንድ የውኃ ቧንቧ አለው። የማን ልብስ መቼ እንደሚታጠብ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ኪራይ እንዳልከፈለ ሁላችንም እናውቃለን።

ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ በውስጥ መስመርም አትጠይቁኝ። እናቱ ሁለት ቀን አምጣ ነው የወለደችው፤ ሲወለድ አላለቀሰም። እናቶች ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ምን እንደምትል ያውቃሉ። ሐኪም ሴሬብራል ፓልሲ ብሎ የጻፈላት ወረቀት አለ። ከመወለድ በፊት፣ በመወለድ ጊዜ ወይም ወዲያው ከዚያ በኋላ አንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። እግሮቹ አይሸከሙትም፣ ንግግሩን የሚረዱት እናቱና እኅቱ ብቻ ናቸው፣ አልፎ አልፎም ይጥለዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በባልዲ አይተላለፍም፣ በቧንቧ አይተላለፍም። ይህን የምለው ባልዲያቸውን ከቧንቧው አርቀው የሚያስቀምጡት ሰዎች ይህን ገጽ ስለሚያነቡ ነው።

ቡና ሲወቀጥ ይስቃል። ሙቀጫው ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ሁሉ የሚለይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ። የዚህ በሽታ አንዱ ባሕርይ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ መላ ሰውነት በድንጋጤ መወራጨቱ ነው። ልጁ የሚተኛባት ክፍል ጣሪያዋ ዚንጎ ነው። የሰፈር ልጆች አንድ ቀን፣ በአጋጣሚ ይመስለኛል፣ ድንጋይ ጣሉና ዚንጎው ሲጮህ እሱም እንደሚጮህ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሆነ። ማታ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ጠጠር። ጩኸት። ሳቅ። ሩጫ። ከአጥሩ ውጭ «መጅኑን! መጅኑን!» ይላሉ። እናቱ በጀርባዋ አዝላው ረክሻ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ስትወጣም ይከተሏታል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ማዘል ምን ማለት እንደሆነ ሞክሩት፤ ድንጋይ ሲወረወርባችሁ ሮጣችሁ አታመልጡም።

ግቢ ውስጥ ያለው ደግሞ ድንጋይ የለውም፣ ሌላ ነገር አለው። «ምን ሠርታ ይሆን?» የሚለው አለ። ሲጥለው ክብሪት ጭሮ የሚያሸት አለ። ለማዳን የሚመጣው ሰው እንኳ ጭስ ይዞ ነው የሚመጣው። (እግረ መንገዴን፦ ሰው ሲጥለው ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት እዩ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ነው።) ልብስ ማጠብ ከፈለገች ሌላው ሰው ሳይነሣ፣ ከንጋቱ በፊት እንድትጨርስ የተነገራት አለ። በስልክ ቀርጾ የሐበሻ ግሩፕ ላይ የለቀቀውም አለ። ቪዲዮውን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከሥሩ «እግዚአብሔር ይማረው» ብላችሁ ጽፋችሁ አጋርታችሁታል። ልጁ መሬት ላይ ወድቆ፣ ሱሪው ርሶ ነው ያያችሁት። እባካችሁ አጥፉት። ዛሬ።

እኅቱ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የትምህርት ቤታችን ተማሪ ናት። ነበረች ልበል? ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ለምን እንደቀረች አውቃለሁ። በዕረፍት ሰዓት የወንድሟን ድምፅና አካሄድ እያስመሰሉ ኮሪደሩ ላይ ያልፉባታል። አንዴ አጠገባቸው ነበርኩ። «ዝም በሉ፣ ወደ ክፍል ግቡ» አልኩና ጠመኔዬን ይዤ ገባሁ። ያደረግኩት ያን ብቻ ነው።

ድንጋይ የሚወረውሩት የሱዳን ልጆች ናቸው ብዬ ነበር የማምነው። ማመን ስለሚቀል ነው። እኛ ስደተኞች በዚህ ከተማ «ሐበሺ» ተብለን ስንሰደብ ስለኖርን፣ ከአጥር ውጭ የሚመጣ ክፉ ሁሉ የባለአገሩ ይመስለናል። ሐሙስ ማታ ግን ሙቀት አላስተኛ ብሎኝ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነበር። አራት ነበሩ። ሁለቱ የእኛ ናቸው። አንዱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ፊት ወንበር ነው የሚቀመጠው።

ወርጄ ያዝኩት። ለምን እንደሚያደርገው ጠየቅኩት።

«ቲቸር፣ እሱ እኮ አይገባውም» አለኝ።

ስለ መብት ልነግረው አፌን ስከፍት፣ በለሆሳስ ጨመረ፦ «ደግሞ እናንተም ልታስወጧቸው አይደል? አባቴ ቲቸርም ፈርሟል ብሎኛል።»

የምመልሰው አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። ልጁ ትክክል ነው። እሱ የሚወረውረው ጠጠር እና የእኔ ፊርማ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እነዚያ ሰዎች እዚያ እንዳይኖሩ። እሱ በጨለማ ይወረውራል፣ እኔ በቀን፣ በእስክሪብቶ። ከሁለታችን የቱ እንደሚጎዳ እናቲቱን ብትጠይቋት፣ ጠጠሩ አልፎ አልፎ ነው፣ ወረቀቱ ግን ከነአልጋዋ አውራ ጎዳና ላይ ያወጣታል።

ፍርሃታችንን አልንቅም። የምኖርበት ስለሆነ አውቀዋለሁ። ሱዳን የስደተኞችን ኮንቬንሽን በፈረንጆቹ 1974 ስትቀበል አንቀጽ 26ን፣ ማለትም ስደተኛ እንደልቡ የመንቀሳቀስና የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ መብቱን፣ አልቀበልም ብላ ነው የገባችው። ስለዚህ የስንቶቻችን ካርድ ሸገራብ ይላል፣ ኡም ራኩባ ይላል፣ እኛ ግን ካርቱም ሁለት ነን። ከሻ ሲመጣ በር እንዘጋለን፣ ስልክ እንደውላለን፣ ያለንን እናዋጣለን። ከጥቅምት 15ቱ መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ሰልፍ በወጣ ቁጥር ቡምባኑ እዚህ ድረስ ይሸታል፣ ፍንዳታው ይሰማል፣ ልጁ ይጮኻል። «በዚህ ጩኸት ወታደር ያስገቡብናል» ነው የወረቀቱ ዋና ምክንያት። ስፈርም ለራሴ የነገርኩትም ይህንኑ ነው።

ግን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። እዚህ ግቢ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ፖሊስ የገባው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ በአረቄ፣ አንዴ ሁለት ወንዶች በኪራይ ተጣልተው አንዱ የሌላውን ራስ ስለፈነከተ። በልጁ ጩኸት የገባ ፖሊስ የለም። አንድም። አረቄ ያወጣችውን ሴት ውጪ ያላት የለም፤ ልክም ነው፣ ልጆቿን የምታበላበት ነው። ራስ የፈነከተውን ሰውዬ ደግሞ ሽማግሌ ልከን አስታረቅነው። እንዲያውም ከፈራሚዎቹ አንዱ እሱ ነው። ፍርሃታችን እንኳ ሰው ይመርጣል። አረቄ ጠማቂዋ ምላስ አላት፣ ሰውዬው ጡንቻ አለው፣ እነዚህ ግን ምንም የላቸውም።

እንዲህ ያለው ነገር በድኃና በስደተኛ ሰፈር ብቻ የሚሆን አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ ሌስተርሻየር ውስጥ፣ አንዲት እናት የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። የሰፈር ጎረምሶች ለዓመታት ቤቷ ላይ ድንጋይና እንቁላል ሲወረውሩ፣ ልጇን ሲያላግጡባት ኖሩ። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ፖሊስን 33 ጊዜ አነጋግራለች። ሠላሳ ሦስት ጊዜ! እያንዳንዱ አቤቱታ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ እንቁላል ነው፣ ስድብ ነው፣ ልጆች ናቸው። አንድ ላይ ደምሮ ያየው አልነበረም። በጥቅምት ወር 2007፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ እናቲቱ የልጇንም የራሷንም ሕይወት አጠፋች። በ2009 የሞታቸውን ምክንያት የመረመሩት ዳኞች የፖሊስና የአካባቢው አስተዳደር ቸልተኝነት ለሞታቸው አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰኑ። አገሩም ተንጫጫ፤ መመሪያ ተቀየረ፣ ይቅርታ ተጠየቀ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም። ቁጥሩ ነው የማይለቀኝ። ያቺ ሴት 33 ጊዜ የምትደውልበት ስልክ ቁጥር ነበራት። የእኛ ጎረቤት ለማን ትደውል? ፖሊስ ጠርታ ካርዷ ሸገራብ የሚል ሆኖ? እዚህ ግቢ ውስጥ ፖሊሷ እኔ ነኝ። አስተዳደሯ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ፣ ወረቀቱን ያዘጋጁት። ከእኛ በላይ የምትሄድበት የላትም፤ እኛ ደግሞ አቤቱታዋን ሳንሰማ ፍርዱን ጽፈን ጨርሰናል።

«ልጆች ናቸው፣ ያልፋል» ለምትሉ፦ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2012 ያወጣው፣ የብዙ አገር ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ይልቅ 3.7 እጥፍ ለጥቃት የተጋለጡ መሆናቸውን አግኝቷል። አያልፍም ማለት ነው። ልጆቹ ያድጋሉ እንጂ ነገሩ አያልፍም፤ ታናናሾቻቸው ይረከቡታል።

«ታዲያ ለምን ቤት ውስጥ አትይዘውም?» የሚል ጥያቄም ሰምቻለሁ፣ ከሴቶቻችን አፍ። አገር ቤት ስንቱ ልጅ በጓዳ ተዘግቶ፣ እግሩ ታስሮ እንዳደገ የማናውቅ እንመስላለን። ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስን አስታውሱ። እሷም ስደት ኖራለች፣ ጣሊያንም አሜሪካም። ኦቲዝም ያለበት ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ስትገባ ትምህርት ቤቶቹ እየተቀበሉ መለሱባት። እሷ ግን አልደበቀችውም። ወጥታ በቴሌቪዥን ተናገረች፣ በ2002 በፈረንጆቹ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ማዕከሉ ሲከፈት ከየጓዳው ልጆች ወጡ። እስከዚያ ድረስ የት ነበሩ? እናቶቻቸው ጨካኝ ስለሆኑ ነው የደበቋቸው? ከእኛ ነው የደበቋቸው። ከጎረቤት። «ምን ሠርታ ይሆን» ከሚለው አፍ። የዚህች ጎረቤታችን ጥፋት አለመደበቋ ከሆነ፣ ይህን ጥፋት በአደባባይ ላወድሰው።

ሕግ ለምትወዱ አንድ ብቻ። የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ሱዳን በ2009፣ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቀውታል። አንቀጽ 16 ከጥቃት ስለመጠበቅ ሲናገር በቤት ውስጥም ከቤት ውጭም ይላል። ሆሽ የቱ ነው? ቧንቧው ጋ ያለው ቦታ ቤት ነው ወይስ ደጅ? ተማሪዎቼን የምጠይቀው ዓይነት ጥያቄ ነው፤ መልሱ ሁለቱም ነው፣ ስለዚህ የሚያመልጥ የለም።

አሁን ሚዛናዊ ልሁን። አራተኛ ክፍል ያለው ወንድማችን ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ቆሞ ጠዋት ነው የሚተኛው። እንቅልፍ ካጣ ሥራውን ያጣል። ቅሬታው እውነት ነው፣ ክፋት የለበትም። እንቅልፍ የሚነሣው ግን ልጁ ነው ወይስ የዚንጎው ድንጋይ? ልጁ ባልተወረወረበት ሌሊት ሲጮህ ስንቴ ሰማችሁ? እኔ ከቡምባኑ ቀናት ሌላ ብዙም አላስታውስም።

የእኔ ክፍል ጣሪያው ሲሚንቶ ነው።

ይህ የገባኝ ሐሙስ ማታ ነው፣ ከተማሪዬ ጋር አጥሩ ሥር ቆመን። ሲሚንቶ ላይ ጠጠር ቢወድቅ አይሰማም። የማይጮህ ነገር ላይ የሚወረውር ልጅ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ይሰለቸዋል። ስብሰባ ተቀምጠን፣ ወረቀት ጽፈን፣ ሰባት ሰው ፈርመን፣ ክፍል መለዋወጥ የሚባል ነገር ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። እኔንም ጨምሮ። ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ሲሚንቶ ሥር ተኝቼ፣ አሥራ አምስት እርምጃ ርቆ የሚጮኸውን እየሰማሁ።

ሐሙስ ገባኝ አልኩ እንጂ ሐሙስ አልተናገርኩም። እውነቱን ልናገር፣ ሙቀቱን ፈርቼ ነው። ግንቦት ገብቷል፣ ቀኑ ከአርባ ዲግሪ በላይ ነው፣ ዚንጎ ሥር መኖር ምን እንደሆነ ካርቱም ያላችሁ ታውቃላችሁ። ለሁለት ቀን ተገላበጥኩ። ሁለቱን ቀን ሙሉ ያንን ሙቀት እናትና ሁለት ልጆች ለዓመታት እንደኖሩበት አስቤም ቢሆን ወዲያው አልተነሣሁም። ሰው እንዲህ ነው ልል አልፈልግም፤ እኔ እንዲህ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ቧንቧው ጋ አገኘኋት። ከንጋቱ በፊት፣ በተወሰነላት ሰዓት። ባልዲዋን እየሞላች ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«መምህር፣ እርስዎም ፈረሙ?»

«አዎ» አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረም። ዝም አለች። ውኃው ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ፣ እሷ ግን አልዘጋችውም። ከዚያ ስለ ክፍሉ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ፣ አፈርኩ።

«ለስንት ወር ነው?» አለች። ቀጥላም፦ «ኪራዩስ? የእርስዎ ይበልጣል።»

የኔን እኔ እከፍላለሁ፣ የአንቺን አንቺ፣ አልኳት። እሺም እምቢም አላለችም። ባልዲዋን አነሣችና ሄደች። ከመጋረጃው ውስጥ ሆና፦ «ልጅቷ መጽሐፏን አልጣለችም፣ ማታ ማታ ታነባለች» አለችኝ።

ነገ ማታ፣ ከመግሪብ አዛን በኋላ፣ ሆሹ ውስጥ ስብሰባ አለ። ወረቀቱ ለአከራዩ ገና አልተሰጠም፤ አንቀው ይዘውልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ጋሼ። ስሜን እዚያው በፊታችሁ እሰርዛለሁ። ሌሎቻችሁ ስድስታችሁ የራሳችሁን ታውቃላችሁ። የቧንቧ ሰዓት ለሁላችንም እኩል እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ እናቲቱም ስብሰባው ላይ እንድትቀመጥ እጠይቃለሁ፣ ምክንያቱም እስካሁን ስለ እሷ ሦስት ጊዜ ተሰብስበን አንዴም አልጠራናትም። ሰኞ ደግሞ ክፍል ውስጥ፣ የሳምንቱን ርዕስ ትቼ፣ ኮሪደሩ ላይ ያደረግኩትን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። እኅቱ ያን ቀን ባትመጣ ይሻላል፤ ማክሰኞ ትምጣ።

ፊት ወንበር ላይ ለምትቀመጠው ልጅ፦ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ፣ የማታነበው ነገር የለም። ለአባትህ አልነገርኩም፣ አልነግርምም። ነገ ከስብሰባው በኋላ ና። አልጋዬ ብረት ነው፣ ብቻዬን አልሸከመውም።